የጓሯችን ሕሙማን

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ቶተንሃም በነበረው ቤታችን ጓሮ መቶ ሃያ ሕሙማን ተኝተው ነበር። ሐኪማቸው ጋሼ ኪዳነወልድ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አብሬው እየዞርኩ እጎበኛቸዋለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንጓ ያንኳኳቸዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣቸዋል፤ እኔ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ በአበባ ማጠጫ ውሃ አጠጣቸዋለሁ። ለማንም አላወራሁም። እናቴ ረሒማ ሐኪም ቤት ጽዳት ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምጠብቃት የበሽተኞች ወንበር ላይ ነበር። የታማሚ ነገር በአደባባይ እንደማይወራ ገና በልጅነቴ ገብቶኛል።

ሕሙማኑ ከሲሚንቶ የተሠሩ የመንገድ ንጣፎች ነበሩ። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ድንጋይ መሆናቸውን በዓይኔ አያለሁ። ድንጋይ አይታመምም ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ጋሼ ኪዳነ ቤታችን የመጣው ብርዱ ሲገባ ነው፤ ለሦስት ቀን ተብሎ። ከአባቴ ከአልአሚን ጋር ኮልፌ በአንድ አጥር ተለያይተው ያደጉ የሠፈር ልጆች ናቸው። አባቴ ቀድሞ ወጥቶ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ጋሼ ኪዳነ ደግሞ ቃሊቲ አካባቢ ንጣፍ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቶ፣ በሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊነቱ ታስሮ፣ ተፈቶ፣ ለእኔ ባልተነገረኝ መንገድ መጥቶ እኛ ሶፋ ላይ ደረሰ። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ወራት ተከተሉ፤ ሶፋው የእሱ ሆነ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ የእኛን ሥጋ አይበላም፣ እኛም የእሱን አንበላም። አገር ቤት ይህ ማንንም አያስቸግርም፤ ከአንድ ድስት ለሚበላ ቤት ግን ዘዴ ይፈልጋል። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ቤቱን በሙሉ ምስርና ሽሮ ላይ አዋለችው። በኋላ የጋሼ ኪዳነን ሐኪምነት ስደርስበት፣ ሥጋ የከለከለን እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ማርች ላይ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቃል በቃል እየተረጎመ ሲያነብለት እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። የያዝኩት ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ አላመኑህም፣ ሰባት ቀን፣ ብርድ ልብስ፣ አፒል እናደርጋለን። በማግስቱ ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ ያኤል መጣች። ወጣት ናት፤ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፋብሪካው ውስጥ ለመሥራቱ የሚመሰክር ወረቀት እንዳለው ጠየቀችው። መታወቂያውን ሲያስሩት ወስደውበታል። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። አብረውት የሠሩት ሰዎች አገር ቤት አሉ፣ ግን ስማቸውን ጽፈው ፈርመው ለመላክ የሚደፍር የለም። በዚህ መሐል አባቴ፣

"እንግዲያው ሠርተህ አሳያቸዋ" አለ።

ለቀልድ ያለው ነው። ያኤልም ፈገግ ብላለች። ጋሼ ኪዳነ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ሰው ደጅ ላይ ከተጣለ የግንባታ ውዳቂ የለቀመውን ጣውላ ተሸክሞ መጣና፣ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ሲለካና ሲመታ ዋለ።

አሠራሩን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር፤ ውሃው ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። "ጨብጪው" ይለኝ ነበር። "እጅሽን ስትከፍቺ ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት፤ ጣትሽን ግን ማራስ የለበትም።" ድብልቁ ደረቅ ያለ ስለሆነ፣ ካልተንቀጠቀጠ ውስጡ አየር ይቀርና ንጣፉ ይቦረቦራል። ፋብሪካ ውስጥ ፎርማውን፣ ማለትም ድብልቁ የሚሞላበትን የቅርጽ ሣጥን፣ የሚያንቀጠቅጥና ከላይ የሚጫን ማሽን አለ። እኛ ቤት የነበረው የሚንቀጠቀጥ ነገር የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ብቻ ነው።

ባዶውን ስፒን፣ ውሃ የሚጨምቅበት ፈጣን ዙር ላይ ያደርጉታል። ጋሼ ኪዳነ ፎርማውን ከላዩ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይጫናል። አባቴ የአውቶቡስ ነጂ ሸሚዙን እንደለበሰ ከፊቱ ተንበርክኮ፣ ማሽኑ እየተራመደ ከወጥ ቤቱ እንዳይወጣ እቅፍ አድርጎ ይይዘዋል። ማሽኑ ያጓራል፣ ሁለቱም ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ስለ ኮልፌ ያወራሉ። እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ እንዲህ ሆነው ደረሰችባቸው። ቢስሚላህ ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው። ጥቂት ቆይታ ከፈተችና ልብስ ማጠቢያው መቼ ነጻ እንደሚሆን ጠየቀች።

በአራት ቀን መቶ ሃያ ሠሩ። ፎርማው ወዲያው ይነሳል፣ ንጣፉ ለስላሳ ሆኖ ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ላይ ተራ በተራ ይደረደራል። ሁሉም በኖራ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት። በላያቸው ላይ ጋሼ ኪዳነ የእናቴን ሁለት ወፋፍራም ብርድ ልብሶች፣ የነብር ሥዕል ያለባቸውን የሠርግ ስጦታዎች፣ ውሃ አርሶ አለበሳቸው። እናቴ የሌላ ሰው ሠርግ ይመስል ከመስኮት ስታይ ቆየችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ ያየሁት እንግዲህ ይህን ነው፤ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ይደረብላቸዋል፣ ውሃም ይሰጣቸዋል። ትኩሳት እንዴት እንደሚይዝ እኔም አውቃለሁ። ማረጋገጥ ስለፈለግኩ ግን ምን እያደረጋቸው እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ኪውር እያደረግኳቸው ነው" አለኝ። "ሰባት ቀን ውሃ ካላገኙ ይሰነጠቃሉ። ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላቸው ደግሞ ማንም አይነካቸውም።"

ኪውር የግንበኞች ቃል ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ ስለሆነ፣ እስኪጠጣ ድረስ እርጥበቱን መጠበቅ ማለት ነው። እኔ ግን የምማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኪውር ማድረግ ከበሽታ ማዳን መሆኑን የክፍላችን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ አልነበረኝም።

ቁጥር ሠላሳ አንድ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ወጣበት። ከእናቴ ቦርሳ የቁስል ፕላስተር አውጥቼ በስንጥቁ ላይ ለጠፍኩበት፤ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አልያዝ ሲለኝ ሦስት ጨመርኩ። ጋሼ ኪዳነ ሲያንኳኳ እዚያ ደረሰ፣ ፕላስተሮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ቀጥሎ መዶሻ አንስቶ ቁጥር ሠላሳ አንድን አራት ቦታ ከፈለው። ጮኼ ማልቀስ ስጀምር ደንግጦ ተንበረከከና፣ አይጣልም፣ ከታች ይሆናል፣ የዳኑት ከላይ ይሆናሉ አለኝ። መንገድ ሲነጠፍ ስባሪው ከሥር መደላድል ይሆናል ማለቱ ነበር። እኔ ስለ መቃብር የነገረኝ መስሎኝ የባሰ አለቀስኩ። እናቴ እንባዬን እየጠረገች በትምህርት ቤት የመታኝ ልጅ መኖሩን ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ያን ማርች ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ የመጣውን፣ የጥገኝነት ጥያቄውን ውድቅ ያደረገውን ደብዳቤ ያነበብኩት ባለፈው ዓመት ነው። አባቴ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ካርቶኖቹን አብረን ስናስተካክል አገኘሁት። አንቀጽ ሃያ ሦስት ላይ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ እንዲህ ይላል፤ "የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ ይላሉ። ሆኖም የዕለት ሥራዎ ምን እንደነበር ሲጠየቁ፣ ውሃ እንደሚሰጧቸው፣ ብርድ ልብስ እንደሚያለብሷቸው፣ ሰባት ቀን ከአጠገባቸው እንደማይለዩና እንደሚያድኗቸው መልሰዋል። ይህ የነርስ ሥራ ነው። የሕክምና ሥልጠና እንደሌለዎትም ተናግረዋል። ስለዚህ ቃልዎ ተአማኒ አይደለም።"

ጋሼ ኪዳነ የተናገረው በአማርኛ ነው። አጠጣቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ ሲል፣ የሚጠጣው ሰው ይሁን ድንጋይ ቃሉ አይለይም። በስልክ ያስተረጎመው ሰው እነማንን ብሎ አልጠየቀም፤ የጻፈውም አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ያለው መሰላል ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ካልሠራ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ አልነበረም፣ ጸሐፊ ካልነበረ አልታሰረም፣ ካልታሰረ ሊመለስ ይችላል። ያኤል ስሕተቱን አስረድታ ጽፋላቸው ነበር፤ ከተከለከለ በኋላ የፈጠረው ነው ብለው መለሱላት። ደብዳቤውን ይዤ ካርቶኖቹ መሐል ተቀመጥኩ። እስከዚያን ቀን በዚህ ነገር ብቻዬን የተሳሳትኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሙሉ ቢሮ በደብዳቤ ቁጥርና በፊርማ ከእኔ ጋር ተሳስቶ ኖሯል።

ችሎቱ በሜይ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ዋለ። የሚያቆየኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ ፈቃድ ጠይቃ እኔን ይዛ መጣች። ጋሼ ኪዳነ ከመቶ አሥራ ዘጠኙ አንዱን መርጦ በፎጣ ጠቅልሎ፣ አሮጊቶች ገበያ በሚጎትቱት ባለጎማ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጠው። በቪክቶሪያ መስመር ባቡር ስንሄድ ቦርሳውን ሰው በሌለበት ወንበር ላይ አስቀምጦ በእጁ ደገፈው። ወዴት እንደምንሄድ ስጠይቅ አባቴ፣ ጉዳዩን ወደሚያዩለት ቦታ ነው አለኝ።

ሕንጻው ውስጥ ስንገባ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የተደረደሩ ወንበሮች፣ ፋይል ደረታቸው ላይ የታቀፉ ፊታቸው የገረጣ ሰዎች፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር፣ በር ከፍታ ስም የምትጠራ ሴት። አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች ወጣች። በር ላይ ደግሞ ኤክስሬይ አለ። ዘበኛው ቦርሳችንን ተቀብሎ ኤክስሬይ አደረገው፤ እስክሪኑን አየ፣ ቦርሳውን መልሶ ሁለተኛ አደረገው። ከዚያ ፎጣውን ገለጠና ይህ ምንድን ነው አለ።

አባቴና በሩ ላይ የጠበቀችን ያኤል እኩል አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደምኳቸው። በማውቀው ቋንቋ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ታማሚ መሆኑን፣ ሃያ ስምንት ቀን እንደሞላው፣ ጋሼ ኪዳነ ኪውር እንዳደረገውና ሌሎች መቶ አሥራ ስምንት እኛ ጓሮ እንደተኙ አስረዳሁት።

ዘበኛው ትልቅ ጢም ያለው ሰው ነው። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"አሁን ምንም አልሆነም። ድኗል።"

ከኋላችን ተራ ይዛ የነበረች፣ ባለጎማ ሻንጣ የምትጎትት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት። የቢሮው ተወካይ ነበረች፤ ጋሼ ኪዳነን ተቃውማ ልትከራከር የመጣችው እሷ ናት። ዘበኛው፣ ሊወረወር የሚችል ከባድ ነገር ወደ ችሎት አይገባም ብሎ ድንጋዩን አስቀረ፤ ቁጥር ያለው ወረቀት አሠረበትና ግማሹን ለያኤል ሰጣት። ሐኪም ቤት ካርድ ሲወጣ አይቻለሁ፤ አልተከፋሁም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ደክሟቸው የሚታዩ ሴት ነበሩ። ጥግ ላይ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ፈቀዱ። አስተርጓሚው አቶ መዝገቡ ይባላሉ፤ አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ አዛውንት ናቸው፣ አማርኛቸው የመጽሐፍ ነው፤ ሲሚንቶ ሲቦካ ግን በሕይወታቸው አላዩም። ተወካይዋ ተነሣች። ዛሬ ጠዋት በዚህ ሕንጻ ውስጥ ከአመልካቹ ጋር የመጣች ሕፃን፣ ሰውየው በሚኖርበት ቤት ከመቶ በላይ ታማሚዎች እንዳሉትና እንደሚያክማቸው ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለች። የቢሮውን ጥርጣሬ ማንም ሳያስገድዳት ሕፃኗ አረጋግጣዋለች ብላ ጨመረች።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

ያኔ የሆነው ነገር ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ያን ቀን ግን በኩራት ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ የሐኪሙ ረዳት መሆኔ በትልቅ ክፍል ውስጥ እየተነገረ ነው። የእናቴ እጅ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠው። አባቴ ከወንበሩ ሲነሣ ዳኛዋ እንዲቀመጥ ነገሩት። ያኤል፣ ከታማሚዎቹ አንዱ ዘበኛው ጋ እንዳለና ፍርድ ቤቱ እንዲያየው እንደምትለምን ተናገረች።

ዳኛዋ፣ "ይምጣ" አሉ።

ዘበኛው ጓንት አድርጎ፣ ሰው ቁልፍና ቀበቶውን በሚያስቀምጥበት የፕላስቲክ ትሪ ላይ ተሸክሞት ገባና ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ጋሼ ኪዳነ እንዲያስረዳ ተፈቀደለት። ተነሣ። እስክሪብቶ አንሥቶ ድንጋዩን መታው፤ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ ጮኸ።

"የዳነ እንዲህ ይጮኻል" አለ። "ያልዳነ ግን ዱብ ነው የሚለው።"

አቶ መዝገቡ አስተማማኝ አስተርጓሚ ናቸው፣ የሰሙትን ነው የሚያስተላልፉት። የተፈወሱት ይጮኻሉ፣ ያልተፈወሱት ግን ዱብ ብለው ይወድቃሉ ብለው ተረጎሙ። ተወካይዋ በፍጥነት ጻፈች። ዳኛዋ እጃቸውን አነሡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ውሃ የሚያጠጣው፣ ብርድ ልብስ የሚያለብሰው ማንን ነው? ጋሼ ኪዳነ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባውም። ሁለተኛ ሲጠየቅ ወደ ትሪው አመለከተ።

"ይሄን ነዋ። ሰው በሰባት ቀን ይጠነክራል እንዴ?"

ከዚያ ማንም ሳያቋርጠው ተናገረ። ስለ አሸዋው መታጠብ፣ ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን እንደሚያታልለው፣ ድብልቁ በእጅ እንዴት እንደሚፈተን፣ ማሽኑ እንደሚያንቀጠቅጥ፤ እዚህ ግን በልብስ ማጠቢያ መሠራቱን አባቴን ምስክር አድርጎ ተናገረ። አባቴም አንገቱን ነቀነቀ። አቶ መዝገቡ ላብ አጥምቋቸው ይከተላሉ። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"እኔ ደጃፍ ያሉት ንጣፎች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ተነቃንቀዋል" አሉ። "ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል?"

ዛሬ ሳስበው ፈተና ይሁን ችግራቸው እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያኤል ሁለቱም ነው ትላለች። ጋሼ ኪዳነ ግን የባለሙያ ጥያቄ ነው የቆጠረው። መኪና ይወጣባቸው እንደሆነ፣ ጠርዛቸው በኮንክሪት ታስሮ እንደሆነ፣ ከአሸዋው ሥር የተጠቀጠቀ ጠጠር ይኑር አይኑር ጠየቃቸው። ዳኛዋ መኪና እንደሚወጣባቸው፣ ጠርዙ እንዳልታሰረ፣ ሥሩን ግን እንደማያውቁ መለሱ። እሱ የራሱን የክስ ፋይል ገልብጦ በጀርባው ሥዕል ይሥል ጀመር፤ አፈር፣ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ንጣፍ፣ መሐሉ ላይ የሚጠረግ ደረቅ አሸዋ። ጠርዝ የሌለው ንጣፍ መሪ እንደሌለው ሰልፍ ነው፣ ከዳር ይጀምርና ይበተናል አለ። አቶ መዝገቡ ይህንን ሲተረጉሙ ፊታቸው በራ፤ የገባቸው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም። ተወካይዋ መጻፍ ካቆመች ቆይታለች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አፈሩ ሸክላ ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። የለንደን አፈር ሸክላ ነው፤ ጋሼ ኪዳነም በደስታ አዲስ ገጽ ገለበጠ።

ውሳኔው በጽሑፍ እንደሚላክ ተነግሮን ወጣን። ድንጋዩ ማስረጃ ነው ተብሎ እዚያው ቀረ። ሐኪም ቤት የሚቀር ሰው አልጋ ያዘ ይባላልና፣ ደረጃውን ስንወርድ መቼ እንደምንጠይቀው አባቴን ጠየቅኩት። ኢንሻአላህ አለኝ። አባቴ ኢንሻአላህ ሲል እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ፣ ዛሬም አይገባኝም።

ውሳኔው ጁላይ ላይ መጣ። አባቴ ቆሞ አነበበና፣ አመኑህ ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ ኪዳነ ወደ ጓሮ ወጥቶ አካፋውን አነሣ። በዚያው ቅዳሜ መንገዱን አነጠፈው። ከወጥ ቤታችን በር እስከ አጥሩ አራት ሜትር ይሆናል። ቆፈረ፣ ስባሪና ጠጠር ሞላበት፤ ቁጥር ሠላሳ አንድም እንደተባለው ከታች ሆነ። አሸዋ በትኖ በጣውላ ላገው፣ ሲባጎ ወጠረ፣ ንጣፎቹን በዓሣ አጥንት ቅርጽ እያጣጣመ በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ደረደራቸው። መጠቅጠቂያ ማሽን ስላልነበረ አባቴ አምስት ወፋፍራም የአውቶቡስ ሾፌሮች ጠርቶ ጣውላ ላይ አሰልፎ አስረገጣቸው። አንዱ ይቆጥራል፣ አምስቱ እኩል ይዘላሉ። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን መስኮት ከፍታ የምን በዓል እንደሆነ ጠየቀች።

የሥራ ፈቃድ ሲያገኝ መጀመሪያ የቀጠረው ግንባታ አልነበረም፤ ዊልስደን የሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እስከ ዛሬ እዚያው ሰው ያስታምማል። ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ቢያየው የልቡ በደረሰ ነበር።

እኔ ያላወቅኩት ትልቁ ነገር ጋሼ ኪዳነ ልጅ ያለው መሆኑ ነበር። ሚካል የሚለውን ስም ቤታችን ውስጥ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ለእናቴ፣ ሚካል ሰባት ሞላት ዛሬ ሲላት፣ ከድንጋዮቹ አንዷ ሰባተኛ ቀኗን የያዘች መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ለምን ስም እንዳወጣላት ገርሞኝ ለይቼ ላውቃት ፈልጌያታለሁ። እናቷ፣ ሚካል ገና ሕፃን ሳለች ሞታለች፤ ያሳደገቻት የአባቷ እናት ናት። በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ሲገባ፣ አባቷን ካየች ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በአውሮፕላን መጣች።

ከኤርፖርት በቀጥታ እኛ ቤት አመጧት። ከእሷ የሚሰፋ ኮት ለብሳለች፤ ፀጉሯ ለመንገዱ ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ ተሠርቷል። እናቴ ታለቅሳለች፣ አባቴ ሻንጣውን የት እንደሚያስቀምጥ አጥቶ ይዞት ይዞራል። ጋሼ ኪዳነ በሩ አጠገብ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ረጅም ሰው ነው፣ ያን ቀን የባሰ ረዝሟል። ሚካል ወደ እሱ አልሄደችም። ሰላምም አላለችው። በወጥ ቤቱ በር አልፋ ወደ ጓሮ ወጣች፣ መንገዱን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እስከ አጥሩ ሄደች፣ ተመልሳ መሐሉ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ይሄኛው ተንሻፏል" አለች።

ሁላችንም ወጣን። ጋሼ ኪዳነ መጣ፣ ቆመ፣ አየ። ከዚያ ከአጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ በቀጭኑ ክፍተት አስገባና ንጣፉን ቀስ አድርጎ ነቀለው። ሚካል ኮቷን ሰብስባ ከፊቱ ቁጢጥ አለች፣ በመዳፏ አሸዋውን አስተካከለችለት። መልሶ አስቀመጠው፣ በመፍቻው እጀታ መታ መታ አደረገው፣ ደረቅ አሸዋ ጠረጉበት። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እነሱ ግን እዚያው ቁጢጥ ብለው ብዙ ቆዩ። እኔ ተናድጄ ነበር። ያን መንገድ ወራት ሙሉ ስሮጥበት አንድም የተንሻፈፈ ነገር አላየሁም፤ እሷ ደግሞ ለሰላምታ እንኳ ሳትበቃ በሰው ሥራ እንከን ታወጣለች። ለእናቴ ስነግራት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሚካል አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ትኖራለች፣ ከእኔ በቀር የሚቀርባት ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ወር ስለ ደብዳቤው ሳወራት ያን ቀን አነሣሁባት፤ በመጣሽበት ቀን አቃቂር አወጣሽ ብዬ።

"ድንጋዩ ምንም አልሆነም ነበር" አለችኝ። "ፊቱ ጠፍቶኝ ነው። በጣም ሩቅ ነበር፣ ከላይ። ዝቅ እንዲልልኝ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።"

በሚቀጥለው እሑድ ዊልስደን ሄጄ ጋሼ ኪዳነን ጠየቅኩት። ንጣፉ ቀጥ ብሎ እንደነበር ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ።

"ትንሽ ተንሻፎ ነበር" አለኝ። "ሦስት ሚሊሜትር።"